የታመቀው ሞላ፦ የመኪናን እግር በቤት ስለ መቀየር

በፊዚክስ ክፍል ያለፈ ተማሪ ሁሉ ሞላን ያውቃል። በቤተ ሙከራ ከብረት ዘንግ ላይ ተንጠልጥሎ፣ የመቶ ግራም ሚዛን አንድ በአንድ እየተጨመረበት፣ ርዝመቱ በማስመሪያ ሲለካ አይቷል፤ ያገኛቸውን ነጥቦች በግራፍ ወረቀት ላይ አስፍሮ ቀጥ ያለ መስመር አስምሯል። ይህም የሁክ ሕግ ይባላል ብሎ ጽፎ፣ ተፈትኖበት፣ ረስቶታል። ይኸው ሞላ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ፣ የሽቦው ውፍረት የትንሽ ጣት ያህል ሆኖ፣ ከመኪና እግር ሥር ሲገኝ ግን የቀድሞው ትውውቅ የተቋረጠ ይመስላል።

ጉዳዩን እንድናነሳ ያደረገን ከተማሪዎቻችን ደጋግሞ የሚቀርብልን አንድ ጥያቄ ነው። የቤተሰባቸው አሮጌ መኪና ከፊት በኩል ይንኳኳል፤ ጉድጓድ ባለፈ ቁጥር ይወዛወዛል፤ ጋራዥ የጠየቃቸው ዋጋ ከብዷቸዋል፤ በስልካቸው ላይ ደግሞ አንድ ሰው በግቢው ውስጥ ሆኖ በ20 ደቂቃ ሞላና ሾክ አብዞርበር ሲቀይር የሚያሳይ ቪዲዮ አለ። «እኛስ መሥራት አንችልም ወይ?» ይሉናል። ጥያቄው እየበዛ እንጂ እየቀነሰ የሚሄድ አይመስለንም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ ቀድሞ የገቡት ኮሮላዎችና ቪትዞች ለረጅም ዘመን እንዲያገለግሉ ግድ ሆኗል። በኤሌክትሪክ የሚሄደውም ቢሆን ሞተሩ ተለወጠ እንጂ እግሩ ያው ሞላና ሾክ አብዞርበር ነው፤ እንዲያውም የባትሪው ክብደት ጠንከር ያለ ሞላ ይጠይቃል።

ለጥያቄው የምንሰጠው መልስ «ትችላላችሁ፤ ነገር ግን አንዲት ዳዶ አለች፣ እርሷን በቤት አትፍቷት» የሚል ነው። በዚህ መልስ ሁለት ወገኖች አይስማሙም። አንደኛው ወገን የመካኒክ ሥራ ለመካኒክ ይተው፣ የተማረ ሰው እጁን በግራሶ ምን ያቆሽሻል ይላል። ይህ አስተሳሰብ በአገራችን ሥር የሰደደና ለሳይንስ ትምህርታችንም ብዙ ጉዳት ያደረሰ ስለሆነ ብዙ ቦታ ልንሰጠው አንወድም። እኛ ለዶክትሬት ትምህርት በቆየንበት አገር የአንድ መካኒክ የሰዓት ክፍያ ከተማሪ የሳምንት ቀለብ የሚበልጥ ስለነበር፣ የላቦራቶሪ ባልደረቦቻችን ቅዳሜ ቅዳሜ መኪናቸውን ራሳቸው ሲፈቱና ሲገጥሙ ማየት የተለመደ ነበር፤ ያፈረም አልነበረም። ሁለተኛው ወገን ግን ይበልጥ ያሳስበናል። ይህኛው፣ ቪዲዮው ታይቷል፣ ቁልፉ አለ፣ ሌላ ምን ያስፈልጋል የሚል ነው። ለዚህ ወገን መልስ ለመስጠት ወደ ስሌቱ መግባት ይኖርብናል።

አስቀድመን ሁለቱን አካላት እንለይ። ሞላው መኪናውን ይሸከማል፤ መንገዱ ወደ ላይ ሲገፋ ይታመቃል፣ የተቀበለውንም ኢነርጂ ሳያባክን መልሶ ይሰጣል። ሾክ አብዞርበሩ ግን መኪናውን አይሸከምም። በውስጡ ያለው ፒስተን ዘይትን በጠባብ ቀዳዳዎች እያሳለፈ እንቅስቃሴን ወደ ሙቀት ይለውጣል። ሞላው ቆጣቢ ነው፣ ሾክ አብዞርበሩ አጥፊ ነው ብንል ከእውነቱ አንርቅም፤ መኪናው ደግሞ ሁለቱንም ይፈልጋል። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ የሞላን ሕግ እ.ኤ.አ. በ1676 ፊደሎቹ በተዘበራረቁ እንቆቅልሽ ደብቆ አሳተመው፤ ፍቺውን የገለጠው ከሁለት ዓመት በኋላ በ1678 ነበር። ሞላውንና ሾክ አብዞርበሩን በአንድ አካል አስሮ የመኪናው የፊት እግር እንዲሆን ያደረገው አሠራር ደግሞ በአሜሪካዊው መሐንዲስ በኧርል ማክፈርሰን ስም ይጠራል። እርሱ በ1940ዎቹ በጄኔራል ሞተርስ የጀመረውን ሐሳብ ወደ ፎርድ ይዞት ሄዶ፣ እ.ኤ.አ. በ1950 ለሕዝብ በታዩት የእንግሊዝ ፎርድ መኪኖች በኮንሱልና በዜፈር ላይ ሥራ ላይ ዋለ። ይህ አካል ስትራት ይባላል። የኮሮላም የቪትዝም የፊት እግር በዚህ አሠራር የተሠራ ነው።

አሁን ቁጥር እናስገባ። አንድ ሺህ ኪሎ ግራም የምትመዝን ትንሽ መኪና እንውሰድ። ሞተሯ ከፊት ስለሆነ ከክብደቷ 60 በመቶ ያህሉ በፊት እግሮች ላይ ያርፋል፤ የጎማውንና የፍሬኑን ክብደት ስንቀንስ እያንዳንዱ የፊት ሞላ 270 ኪሎ ግራም ያህል ይሸከማል። የሞላው ቋሚ ቁጥር በአንድ ሜትር 20,000 ኒውተን ነው እንበል፤ ለእንዲህ ዓይነት መኪና የተለመደ መጠን ነው። እንግዲህ መኪናዋ ዝም ብላ በቆመችበት ሞላው 13 ሳንቲ ሜትር ያህል ታምቋል ማለት ነው። ይህ አካል ቢወዛወዝ በሰከንድ 1.4 ጊዜ ያህል ይወዛወዛል።

ሾክ አብዞርበሩ ጤነኛ ሲሆን ይህ ውዝዋዜ ወዲያው ይሞታል። የማርገቢያ ምጥጥኑ 0.3 ቢሆን አንድ ዙር ከተጠናቀቀ በኋላ ከመነሻው ውዝዋዜ የሚተርፈው 14 በመቶ ብቻ ነው። ዘይቱ ፈሶ፣ ቫልቮቹ ተበልተው ምጥጥኑ ወደ 0.05 ቢወርድስ? ከአንድ ዙር በኋላ 73 በመቶው ይቀራል፤ ወደዚያው 14 በመቶ ለመድረስም ከስድስት ዙር በላይ፣ ማለትም 4.6 ሰከንድ ይፈጃል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በዚህ ጊዜ ውስጥ 76 ሜትር ይጓዛል፤ ጤነኛው ግን 13 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ይህ የምቾት ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። የፍሬን ኃይል የሚመጣው በጎማውና በመንገዱ መካከል ካለው ሰበቃ ነው፤ ሰበቃው ደግሞ ጎማው መንገዱን በሚጫንበት መጠን ይወሰናል። መኪናው ወደ ላይ በሚነሣበት ቅጽበት ያ ጫና ይቀንሳል። ከዚህም ሌላ ጎማው ራሱ፣ በላስቲኩና በሞላው መካከል ሆኖ፣ በሰከንድ 13 ወይም 14 ጊዜ ሊዘል ይችላል፤ ይህን ዝላይ የሚገታው ያው ሾክ አብዞርበር ነው። በፒስታ መንገድ ላይ በድካም የሚነዱ መኪኖች መታጠፊያ ላይ የኋላቸው እየተንሸራተተ የሚወጣበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ስለሆነም ያለቀ ሾክ አብዞርበር መቀየር ያለበት ነገር እንጂ «ሲንኳኳ ይኑር» ተብሎ የሚተው አይደለም። ሥራውን በቤት ለመሥራት የሚያስበውን ወጣት የማንከለክለውም ስለዚህ ነው፤ ዋጋው ከብዶት ሳይቀይረው ከሚነዳ ይልቅ ከፊሉን ራሱ ሠርቶ ቢቀይረው እንመርጣለን።

ወደዚያች ዳዶ እንመለስ። የመኪናውን ኮፈን ስንከፍት በግራና በቀኝ፣ በስትራቱ ራስ ላይ፣ ብዙ ጊዜ ሦስት ትናንሽ ዳዶዎችን በዙሪያው፣ አንዲት ትልቅ ዳዶን ደግሞ በመካከሉ እናያለን። በዙሪያው ያሉት ስትራቱን ከመኪናው አካል ጋር ያስራሉ። የመካከለኛዋ ግን ታምቆ የተቀመጠውን ሞላ በቦታው የያዘችው ናት። መኪናው በክሪክ ተነሥቶ ጎማው ተንጠልጥሎ እያለ እንኳ ሞላው ወደ ተፈጥሯዊ ርዝመቱ አልተመለሰም፤ በስትራቱ ታስሮ ስለሆነ ጥቂት ሳንቲ ሜትሮች እንደታመቀ ነው። ከስትራቱ ለማውጣትም ሆነ አዲሱን ለማስገባት ከዚያም በላይ መታመቅ አለበት።

ከተፈጥሯዊ ርዝመቱ 15 ሳንቲ ሜትር ታመቀ እንበል። በሞላው ውስጥ የሚከማቸው ኢነርጂ፣ ሁላችንም በቃላችን እንደምናውቀው፣ ቋሚ ቁጥሩ በርቀቱ ስኩዌር ተባዝቶ ለሁለት ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ 225 ጁል ይሆናል። ይህ ቁጥር ብዙ አያስደነግጥም። 25 ኪሎ ጤፍ የያዘ ከረጢት ከ90 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ሲወድቅ የሚሰጠው ኢነርጂ ነው፤ ትከሻ ያማል እንጂ አይገድልም ያሰኛል። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ዋናው ነገር ኢነርጂው በምን ያህል ጊዜ እንደሚለቀቅና በማን ላይ እንደሚያርፍ ነው። ዳዶዋ በድንገት ብትለቅና ኢነርጂው 2 ኪሎ በሚመዝነው የስትራቱ ራስ ብረት ላይ ቢያርፍ፣ ብረቱ በሰከንድ 15 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 54 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይነሣል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ከአንድ ሰከንድ መቶኛ ጥቂት ብቻ በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ ነው፤ 225 ጁልን ለዚያ ጊዜ ብናካፍለው ከ14 ኪሎ ዋት በላይ፣ 19 የፈረስ ጉልበት ያህል እናገኛለን። ዳዶዋን የሚፈታ ሰው ደግሞ ለማየት ሲል ፊቱን የሚያቀርበው በትክክል በዚያው አቅጣጫ ነው። በሰው ዐይን ጥቅሻ ውስጥ የሚያልቅ ነገርን «ስትለቅ ዘወር እላለሁ» ብሎ ማምለጥ አይቻልም።

በቤተ ሙከራ የምናስተምረው ሞላ ይህን ስሜት አይሰጥም። የመቶ ግራም ሚዛን አንድ ኒውተን ያህል ነው፤ የመኪናው ሞላ በ15 ሳንቲ ሜትር እመቃ የሚገፋው ግን 3,000 ኒውተን ነው። ሕጉ አንድ፣ ቀጥ ያለው መስመርም አንድ ነው፤ ነገር ግን ከመስመሩ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ ስንሄድ ኃይሉ ሦስት ሺህ ጊዜ አድጓል። መምህራን ተማሪው መስመሩን ማስመሩን ብቻ አይተን ማርክ እንሰጣለን። የዚያ መስመር ሩቅ ጫፍ ምን እንደሚመስል ግን አንነግረውም፤ እርሱም አይጠይቀንም።

ሞላን ለማመቅ የሚያገለግል መሣሪያ አለ። በገበያ የሚገኘው ርካሹ ዓይነት ጥርስ ባላቸው ሁለት ረጃጅም ብሎኖችና ሞላውን በሚይዙ ጥፍሮች የተሠራ ነው። በአግባቡ ሲያዝ ይሠራል፤ ሁለቱ ትይዩ ሆነው፣ ተቃራኒ ጎን ላይ ተቀምጠው፣ ጥቂት ጥቂት ዙር እየተፈራረቁ መጥበቅ አለባቸው። እያንዳንዱ 1,500 ኒውተን ይሸከማል። አንዱ ከሌላው ቢቀድም ግን ሞላው እንደ ቀስት ይጎብጣል፣ ጥፍሩም በለስላሳውና በክቡ ብረት ላይ መንሸራተት ይጀምራል፤ ሞላው ዘይት ወይም ግራስ ከነካው ደግሞ ይባስ። ብሎኑ ራሱ ከምን ዓይነት ብረት እንደተሠራ ገዢው ሊያውቅ የሚችልበት መንገድ የለም። ከዚህ የከፋው፣ በአንዳንድ ቦታ እንደሚታየው፣ ሞላን በሽቦ ወይም በሰንሰለት አስሮ ለመሥራት መሞከር ነው። ስለዚህኛው ሌላ ቃል ማባከን አያስፈልግም።

በቤትና በጋራዥ መካከል ድንበር እንድናሰምር የሚያደርገን ይህ ነው። ስትራቱን እንዳለ፣ ሞላው በላዩ ታስሮ፣ ከመኪናው መፍታትና መልሶ መግጠም በቤት ሊሠራ የሚችል ጨዋ ሥራ ነው። የጎማው ዳዶዎች መኪናው መሬት ላይ ሳለ ይላላሉ፤ መኪናው ይነሣል፤ የፍሬኑ ዘይት ማስተላለፊያ ጎማና ሽቦዎች ካሉ ከስትራቱ ይላቀቃሉ፣ ፍሬኑ በዚያ ጎማ ላይ እንዳይንጠለጠልም በገመድ ይታሰራል፤ ከታች ያሉት ሁለት ትላልቅ ብሎኖች ከመፈታታቸው በፊት የነበሩበት ቦታ በቀለም ምልክት ይደረግበታል፤ በመጨረሻም ስትራቱን በአንድ እጅ እየያዙ ከላይ ያሉት ትናንሽ ዳዶዎች ይፈታሉ። የመካከለኛዋ አትነካም። ከዚያ ሁለቱንም ስትራቶች ተሸክሞ በጠረጴዛ ላይ የተተከለ ጠንካራ የሞላ መጭመቂያ ወዳለው ጋራዥ መሄድ፣ ሞላውንና ሾክ አብዞርበሩን እዚያ አስቀይሮ ወደ ቤት መመለስ ነው። መካኒኩ ለዚህ የሚያስከፍለው ለሙሉው ሥራ ከሚጠይቀው እጅግ ያንሳል። ኩራት የሚጎዳው ካለ፣ የፊዚክስ ሊቃውንትም ቢሆኑ አደገኛውን መሣሪያ ለባለሙያው እንደሚተዉ እናስታውሰዋለን።

አሮጌዋ የአዲስ አበባ ታክሲ ላዳ ከዚህ የተለየች ናት። የፊት ሞላዋ በታችኛው ክንድና በመኪናው አካል መካከል ለብቻው ተቀምጧል፤ ሾክ አብዞርበሩ በሞላው መካከል ያልፋል። ስለዚህ ሞላውን ሳይነኩ ሾክ አብዞርበሩን ብቻ ከሥር አውጥቶ መቀየር ይቻላል፤ ይህ ሙሉ በሙሉ በቤት የሚሠራ ነው። በአንጻሩ ግን በላዳ ክንዱን የያዘውን መጋጠሚያ መፍታት ሞላውን መፍታት ማለት ነው፤ እዚያ ላይ እንደ ስትራቱ ሁሉን አስሮ የሚይዝ አካል የለም። የአይሱዙን ባሌስትራ ግን በቤት ግቢ ውስጥ እንዳይሞከር እንመክራለን፤ ክብደቱ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው።

ስለ ክሪክ አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። ክሪክ ማንሻ እንጂ ማቆሚያ አይደለም። ከሥሩ የሚገባው የብረት ማቆሚያ ከሌለ ሥራው አይጀመርም። በየሰፈሩ ብሎኬት ደርድሮ መኪና ማሳረፍ የተለመደ ነው፤ ብሎኬት ግን ጫናን የሚችለው በሰፊ ገጽ ላይ ሲያርፍበት ነው። የመኪናው ጠርዝ በአንድ ጠባብ ቦታ ላይ ሲያርፍበት፣ ውስጡ ባዶ የሆነው ግድግዳ ሳይታጠፍ፣ ሳያስጠነቅቅ፣ በአንድ ጊዜ ይፈርሳል። ብረት ከመሰበሩ በፊት ብዙ ጊዜ ይጎብጣል፤ ኮንክሪት አያስጠነቅቅም። በጋዝ የተሞላውን አሮጌ ሾክ አብዞርበርም ለልጆች መጫወቻ ወይም ለብየዳ ሠራተኛ መስጠት አይገባም፤ በውስጡ የታመቀ ናይትሮጂን አለ።

መኪናን ከፍ ለማድረግ በሞላው ጥምዞች መካከል ጎማ የሚከቱ፣ ዝቅ ለማድረግ ደግሞ ሞላውን የሚቆርጡ አሉ። ሁለቱም በአንድ ሕግ ይዳኛሉ። የሞላ ቋሚ ቁጥር ከሚሠሩት ጥምዞች ብዛት ጋር ተቃራኒ ነው። ከስድስት ጥምዝ አንዱን የቆረጠ ሰው 20,000 የነበረውን ወደ 24,000 አሳድጎታል፤ መኪናው ዝቅ ብሏል፣ ደግሞም ደርቋል። ጎማ የከተተውም እንደዚሁ የተወሰኑ ጥምዞችን ከሥራ አስወጥቷል፤ የቀሩት የበለጠ ይጠመዘዛሉ። ሾክ አብዞርበሩ ግን የተሠራው ለቀድሞው ሞላ ነው። በዚያ ላይ ጎማው እየፈገፈገ የሞላውን ቀለም ይልጠዋል፤ ዝገት ይገባል፤ የሞላ ድካም ስብራት የሚጀምረውም ከእንዲህ ዓይነቷ ትንሽ የዝገት ጉድጓድ ነው። ሞላ በሽቦው ውፍረት ላይ ያለው ጥገኝነት ደግሞ በጣም ብርቱ ነው፤ ቋሚ ቁጥሩ ከውፍረቱ አራተኛ ርቢ ጋር ስለሚያድግ፣ 12 ሚሊ ሜትር የነበረው ሽቦ 12.5 ቢሆን ሞላው 18 በመቶ ይጠነክራል። «ይመስላል» ተብሎ ከሌላ መኪና የመጣ ሞላ በዐይን ሊለይ የማይችለውም ለዚህ ነው። ግራና ቀኙም አብረው መቀየር አለባቸው፤ አለዚያ መኪናው ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ወገን መሳቡ አይቀርም። ስትራቱ የጎማውን አቋም ጭምር የሚወስን ስለሆነ ከተገጠመ በኋላ የጎማ አሰላለፍ ማስተካከል የግድ ነው።

ቁልፍ ሳይነሣ በፊት ደግሞ መለካት ይቻላል። የየትኛውም የቤት መኪና ባለቤት የሆነ የተማሪ ቡድን አራት ከረጢት ሲሚንቶ ይዋስ፤ እያንዳንዱ 50 ኪሎ ነው። ባዶውን መኪና ከኋላ በኩል ጥቂት ጊዜ ወደ ታች ተጭነው ይልቀቁት፤ ይህ በመጋጠሚያዎች ውስጥ የተያዘውን ሰበቃ ለማላላት ነው። ከዚያ ከጎማው እምብርት እስከ ላይኛው የአካሉ ጠርዝ ያለውን ርቀት በሜትር ይለኩና ሲሚንቶውን በተቻለ መጠን ከኋላው ዘንግ በላይ አስቀምጠው፣ እንደገና አወዛውዘው፣ እንደገና ይለኩ። 200 ኪሎ 1,960 ኒውተን ነው። መኪናው 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ካለ ሁለቱ ሞላዎች በአንድነት 39,200፣ እያንዳንዳቸው 19,600 ኒውተን በሜትር ናቸው። ግራው ከቀኙ የተለየ ልኬት ከሰጠ አንደኛው ደክሟል ወይም ተሰብሯል። ቀጥሎ ፍጥንጥነት የሚመዘግብ ፕሮግራም ያለበትን ስልክ በኋላ ወንበር ላይ አስረው፣ መኪናውን ከኋላ በኩል ተጭነው ይልቀቁና በመዝገቡ ላይ ያሉትን ጉብታዎች ይቁጠሩ። ሁለተኛው ጉብታ ከመጀመሪያው ሲሶ እንኳ የማይሞላ ከሆነ ሾክ አብዞርበሩ ገና ይሠራል፤ አምስተኛና ስድስተኛ ጉብታ የሚታይ ከሆነ ግን የሲሚንቶውን ከረጢቶች መልሰው የአዲስ ሾክ አብዞርበር ዋጋ ይጠይቁ።